ቡና እና ሜሲየር 34፦ የቀለም ካሜራ የቢኒንግ ምርጫ በወልቂጤና በቡታጅራ ሰማይ ሥር

የጥልቅ ሰማይ አካላትን በቀለም ካሜራ ለመቅረጽ የሚዘጋጅ ሰው መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳገናኘ ከሚቀርቡለት ምርጫዎች አንዱ የቢኒንግ መጠን ነው። ቢኒንግ ጎን ለጎን ያሉ ፒክስሎች የሰበሰቡትን ብርሃን ደምሮ እንደ አንድ ትልቅ ፒክስል የመቁጠር ዘዴ ነው። በቀረጻ ፕሮግራሙ መስኮት ጥግ 1×1፣ 2×2፣ 3×3 ተብሎ ተደርድሮ ይታያል፤ ምርጫውም በአንድ ጠቅታ ያልቃል። የጠቅታው ውጤት ግን ከሌሊቱ ጋር አብሮ አያልቅም፤ ወደ ፋይሉ ያልገባን ቀለም ሲነጋ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

በአንድ የታኅሣሥ ወር፣ ወልቂጤ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ትውልዱ ግን ከቡታጅራ አቅራቢያ የሆነ አንድ የፊዚክስ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህን ምርጫ በሦስት ሌሊት ሦስት ጊዜ መወሰን ነበረበት። ካሜራው የራሱ አልነበረም፤ ለአሥራ ሁለት ቀን በውሰት የተሰጠው ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ቀናት ጨረቃው፣ ደመናውና የማስተማር ግዴታው ተቀንሰው የተረፉት ሌሊቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። የመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ምዕራፍ የቆመው በእነዚህ ሌሊቶች ላይ ነው። ምዕራፉ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ በገበያ ላይ የሚገኝ የቀለም ካሜራ የከዋክብትን ቀለም በሚታመን ሁኔታ መዝግቦ ሊያሳይ ይችላል ወይስ አይችልም?

ለዚህ የተመረጠው ኮከብ ስሙ «ቡና» ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ የሚገኘው ኤች ዲ 16175 ሲሆን፣ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ ደግሞ አቦል ተባሉ። ሌሎች ፕላኔቶች ቢገኙለት ቶናና በረካ የሚሉት ስሞች አስቀድመው ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ ማለት ነው። ቡና የብሩህነት መጠኑ 7.3 ገደማ በመሆኑ በዓይን ብቻ አይታይም፤ በመለስተኛ መነጽር ግን ይታያል። በዓይነቱ ከፀሐያችን ጋር የሚቀራረብ፣ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ኮከብ ነው። ከእርሱ ከ1 ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ በፐርሲየስ ኅብረ ኮከብ ወሰን ውስጥ ሜሲየር 34 የተባለው የከዋክብት ክምችት ይገኛል። የክምችቱ ደማቅ ከዋክብት ሞቃትና ወደ ሰማያዊነት የሚያደሉ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ምስል ውስጥ ሲገቡ ቢጫውና ሰማያዊው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ካሜራው ቀለምን የሚያዛባ ከሆነ ማዛባቱ በዚያው ይገለጣል።

ቦታው ለሥራው የማይመች አይደለም። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሜሲየር 34 በሰሜን በኩል ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ችግሩ ሌላ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 8 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ከምድር ዙረት ጋር የሚሽከረከረውን ማውንት በእርሱ አቅጣጫ ማስተካከል አድካሚ ነው፤ የማታ የማዕድ ቤት ጢስ በሚተኛበት ዝቅተኛ ሰማይ ውስጥ ኮከቡን መፈለግ ያስፈልጋል። ከቡታጅራ በስተምዕራብ ደግሞ ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት፣ ዘቢዳርን ይዞ፣ የሚጠልቁ ከዋክብትን ከጊዜያቸው በፊት ይጋርዳል። ከወልቂጤ በስተምዕራብ ግን መሬቱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ስለሚያዘቀዝቅ ሰማዩ እስከ ታች ክፍት ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት የተሠራው በቡታጅራ አቅራቢያ በሚገኘው የትውልድ መንደሩ ጀፎረ ላይ ነበር። ጀፎረ በጉራጌ መንደሮች በግራና በቀኝ በተሰለፉት ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፤ ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ የሽማግሌዎች ሸንጎውም የሚካሄደው እዚያ ነው። ማንም ለቴሌስኮፕ ብሎ ባያሰናዳውም መሬቱ ሜዳ፣ ሰማዩ ክፍት፣ ከየጓሮው የቆመው የእንሰት ተክል ደግሞ የአምፖል ብርሃንን የሚከልል በመሆኑ ከብዙ የታቀዱ ቦታዎች ይሻላል። ተማሪው 70 ሚሊ ሜትር ስፋትና 400 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለውን ቴሌስኮፕ ተከለ። ካሜራው የሶኒ አይኤምኤክስ 571 ዳሳሽ የተገጠመለት ነው፤ 6,248 በ4,176 ፒክስል፣ የእያንዳንዱ ፒክስል ስፋት 3.76 ማይክሮ ሜትር። ፕሮግራሙ ሲከፈት የቢኒንግ ምርጫው 2×2 ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ካሜራውን የተጠቀመው ሰው በዚያ ትቶት ነበር፤ ከሣጥኑ ውስጥም «2×2 ይሻላል፣ ቶሎ ይታያል» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተገኘ። እውነትም ቶሎ ታየ። ክምችቱ በስክሪኑ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ደምቆ ወጣ። ተማሪው እያንዳንዳቸው 60 ሰከንድ የፈጁ 120 ምስሎችን ቀርጾ ጎህ ሳይቀድ ተኛ።

በማግስቱ ምስሎቹ ሲደራረቡ ቀለም አልነበራቸውም። የቀለም ሞዛይኩን እንዲፈታ የታዘዘው ፕሮግራም የማይጨበጥ የአረንጓዴና የሐምራዊ ነጠብጣብ አወጣ፤ ሳይፈታ ሲቀር ደግሞ ንጹሕ ግራጫ ምስል ሆነ። ሁለት ሰዓት የተሰበሰበ ብርሃን ለውበት ይበቃ ይሆናል፤ ስለ ቀለም ለሚጠይቅ ምዕራፍ ግን ዋጋ አልነበረውም።

ምክንያቱ በዳሳሹ አሠራር ላይ ነው። የዳሳሹ ፒክስሎች በራሳቸው ቀለም አያውቁም። የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ መሠረት በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ አንድ ትንሽ ማጣሪያ ይቀመጣል፤ በእያንዳንዱ 2 በ2 ካሬ ውስጥ አንድ ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ሰማያዊ። ቀለሙ የሚገኘው የጎረቤቶቹን ልዩነት በማነጻጸር ነው። ካሜራው ወይም ሾፌር ሶፍትዌሩ ጎረቤቶቹን ያለ ልዩነት የሚደምር ከሆነ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው በአንድ ቁጥር ውስጥ ይቀላቀላሉ። ውኃና ወተት ከተቀላቀሉ በኋላ ስንት ስኒ ውኃ እንደነበረ በማየት ብቻ ማወቅ እንደማይቻል ሁሉ ይህም አይፈታም።

ቀለሙን የሚጠብቅ ቢኒንግም አለ። በዚህኛው ስልት ከ4 በ4 ካሬ ውስጥ አራቱ ቀይ ፒክስሎች ለብቻ ይደመራሉ፣ አራቱ ሰማያዊም እንዲሁ፣ ስምንቱ አረንጓዴ ደግሞ ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ ውጤቱ በግማሽ ያነሰ፣ ግን አሁንም ሞዛይክ የሆነ ምስል ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ችግሩን የፈታ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጥቃቅን ስሕተት ይዞ ይመጣል። የተደመሩት ቀይ ፒክስሎች መካከለኛ ነጥብና የሰማያዊዎቹ መካከለኛ ነጥብ በአግድምም በቁመትም የሚራራቁት በአንድ የቀድሞ ፒክስል ብቻ ነው። አዲሱን ሞዛይክ የሚፈታው ፕሮግራም ግን በሁለት የቀድሞ ፒክስል እንደሚራራቁ አድርጎ ያስባል። ስለዚህ ቀዩና ሰማያዊው ምስል እርስ በርሳቸው በአንድ የቀድሞ ፒክስል ያህል ይዛነፋሉ፤ ኮከቡም በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ጎኑ ሰማያዊ ከንፈር ያወጣል። ሰፊ ኔቡላን ለሚቀርጽ ሰው ይህ ኢምንት ነው፤ ደግሞም ቀለማቱን ለየብቻ አንቀሳቅሶ ማረም ይቻላል። ለከዋክብት ቀለም ጥናት ግን አስቀድሞ ባይፈጠር የሚመረጥ ችግር ነው።

ታዲያ ያ ቁራጭ ወረቀት የሰጠው ምክር ከየት መጣ? ምክሩ ሐሰት አልነበረም፤ ዘመኑ ነው ያለፈበት። በቀድሞዎቹ ሲሲዲ ካሜራዎች የአራቱ ፒክስል ኤሌክትሮኖች ገና ሳይነበቡ በዳሳሹ ላይ ይደመሩና አንድ ጊዜ ብቻ ይነበቡ ነበር። ዳሳሽ በተነበበ ቁጥር የሚጨመረው ስሕተት፣ የንባብ ጫጫታ የሚባለው፣ 8 ኤሌክትሮን ቢሆን፣ አራት ፒክስል ተደምሮም 8 እንደሆነ ይቀራል። አራቱ ለየብቻ ተነበው ቢደመሩ ግን ጫጫታው 16 ይሆናል፤ በዘፈቀደ የሚመጡ ስሕተቶች የሚደመሩት በካሬያቸው ስለሆነ የአራት ሥር ሁለት ጊዜ ያበዛዋል። ስለዚህ በሲሲዲ ዘመን በቀረጻ ሰዓት መደመር እውነተኛ ትርፍ ነበረው። በዛሬዎቹ ሲሞስ ዳሳሾች እያንዳንዱ ፒክስል መጀመሪያ ይነበባል፤ ድምሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በቁጥር ነው። የንባብ ጫጫታው 1.5 ኤሌክትሮን የሆነ ዳሳሽ በ2×2 ሲደመር 3 ይሆናል፤ ድምሩ በካሜራው ውስጥ ቢሠራም፣ ከወር በኋላ በቤት ኮምፒውተር ላይ ቢሠራም ውጤቱ ያው ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ በቤት የተደመረው ሊቀለበስ ይችላል፣ በካሜራው ውስጥ የተደመረው አይቀለበስም።

በዚያ ላይ የሰማዩ ብርሃን ራሱ አለ። በአንድ ቀረጻ ከሰማዩ ጀርባ የሚሰበሰበው ኤሌክትሮን የንባብ ጫጫታው ካሬ አሥር እጥፍ ከሆነ፣ በምሳሌያችን ከ22 ኤሌክትሮን ጥቂት ከበለጠ፣ የንባብ ጫጫታው በጠቅላላው ጫጫታ ላይ የሚጨምረው 5 በመቶ ያህል ነው። የቀረጻውን ጊዜ ጥቂት ማራዘም ለቢኒንግ ተብሎ የሚነገረውን ጥቅም አብዛኛውን ይሰጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ የስፋት ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህን ነው። የፒክስሉ ስፋት በማይክሮ ሜትር ለትኩረት ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ተካፍሎ በ206.265 ሲባዛ አንድ ፒክስል በሰማይ ላይ የሚሸፍነውን ቅስት ሰከንድ ይሰጣል። ለተማሪው መሣሪያ 1.94 ሆኖ ይወጣል። የከባቢ አየር መናወጥ የኮከቡን ነጥብ ወደ 3 ቅስት ሰከንድ ቢያሰፋው ኮከቡ የሚያርፈው በአንድ ተኩል ፒክስል ላይ ነው ማለት ነው። በአማካይ ደንብ አንድ ኮከብ ከሁለት እስከ ሦስት ፒክስል እንዲሸፍን ይፈለጋል። መሣሪያው ያለ ቢኒንግም አስቀድሞ ጎድሎበታል፤ በ2×2 ደግሞ አንድ ፒክስል 3.88 ቅስት ሰከንድ ይሆንና ኮከቡ ከአንድ ፒክስል ያንሳል። በሞዛይክ ዳሳሽ ላይ ይህ ለቀለም መርዝ ነው፦ ኮከቡ ብርሃኑን በቀዩ ማጣሪያ ላይ ከጣለ ቀይ፣ በአረንጓዴው ላይ ከጣለ አረንጓዴ ሆኖ ይመዘገባል። አረንጓዴ ኮከብ ደግሞ በሰማይ የለም። መድኃኒቱ በየቀረጻው መካከል ቴሌስኮፑን በጥቂት ፒክስል እያንቀሳቀሱ ኮከቡ በሁሉም ማጣሪያዎች ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ከወልቂጤ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጊቤ በሚያዘቀዝቀው መሬት ጫፍ ላይ ተሠራ። በዚህ ጊዜ ምርጫው 1×1 ሆነ፤ እያንዳንዱ ቀረጻ 60 ሰከንድ፣ በየቀረጻው መካከልም ጥቂት መንቀሳቀስ። ስሌቱ ሁሉ ትክክል ነበር፤ የላፕቶፑ ባዶ ቦታ ብቻ አልተሰላም። 26 ሚሊዮን ፒክስል በ16 ቢት ሲጻፍ አንዱ ምስል 52 ሜጋባይት ነው። የቀረው 8 ጊጋባይት ከ150 በጥቂት በሚበልጥ ምስል ሞላና ፕሮግራሙ ቆመ። ለብዙ ተማሪ ቢኒንግን የሚያስመርጠው ፊዚክስ ሳይሆን ይህ ነው፤ በ2×2 አንዱ ምስል 13 ሜጋባይት ይሆን ነበርና። ይህን ምክንያት መናቅ አይገባም። አዲስ ዲስክ የሚገዛበት ገንዘብ የቤት ኪራይ በሆነበት ሁኔታ «ሁልጊዜ በ1×1 ቅረጽ» ብሎ መምከር ቀላል ነው።

የዚያ ሌሊት ምስል ቀለም ነበረው። ደብዛዛዎቹ ከዋክብት ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሆነው ተለይተው ወጡ። ቡና ግን ነጭ ነበር፤ የሜሲየር 34 ደማቅ ከዋክብትም ነጭ። ተማሪው በመጀመሪያ ቀለም ማስተካከያው ላይ ተጠራጠረ፤ ቁጥሮቹን ሲያይ ግን በኮከቦቹ መሐል ያሉት ፒክስሎች በሦስቱም ቀለም ጣሪያቸውን ነክተው ነበር። ብሩህነቱ 7.3 የሆነ ኮከብ በ70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ እንኳ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፒክስሉን ይሞላዋል፤ 60 ሰከንድ ለእርሱ እጅግ ብዙ ነው። ሦስቱም ቀለማት እኩል ሲሞሉ ውጤቱ ነጭ ነው። እዚህ ላይ ቢኒንግ ቢጨመር ነገሩን ያባብሰው ነበር። የ16 ቢት ፋይል ከ65,535 በላይ መጻፍ ስለማይችል፣ አራት ፒክስል የሚደምር ፕሮግራም እያንዳንዱ ፒክስል ገና ሩብ ሲሞላ ጣሪያውን ይነካል። ከመደመር ይልቅ አማካይ የሚወስዱ ፕሮግራሞች ከዚህ ያመልጣሉ፤ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን እንደሚያደርግ ግን ምስል ቀርጾ ቁጥሩን ካላዩ በስተቀር ከመስኮቱ አይነበብም።

ሦስተኛው ሌሊት ካሜራው ከመመለሱ በፊት የነበረው የመጨረሻ ቅዳሜ ነበር። ተማሪው ወደ መንደሩ ጀፎረ ተመለሰ። አጎቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበራቸው ወጡና ጥቂት ቆመው ሲያዩ ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ አላነሣኸውም እንዴ?»

«አንሥቼው ነበር ጋሼ፤ ቀለሙን አበላሸሁት።»

«እንግዲያው ዛሬ አትቸኩል» አሉና በርጩማ አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

ትኩረቱን ለማስተካከልና ክምችቱን ለመፈለግ ቢኒንጉን 4×4 አደረገው፤ ለዚህ ሥራ ቢኒንግ የሚተካከለው የለም፤ ምስሉ ፈጥኖ ይመጣል፣ ፋይሉም ይጣላል። ቦታው ሲረጋገጥ ወደ 1×1 መለሰው። የቦታ ጥበቱን ያሸነፈው በሌላ መንገድ ነበር። ካሜራውን አዙሮ ቡናና ሜሲየር 34 በምስሉ ረዥም ጎን እንዲሰለፉ አደረገ፤ ከዚያም ዳሳሹ 3,200 በ1,200 ፒክስል የሆነውን ክፍል ብቻ እንዲያነብ አዘዘ። አንዱ ምስል ከ8 ሜጋባይት በታች ሆነ። 2×2 ቢኒንግ ፋይሉን በአራት ይቀንስ ነበር፤ መከርከሙ በስድስትና በሰባት መካከል ቀነሰው፣ አንዲት ማጣሪያም አላቀላቀለም። የቀረጻው ጊዜ 2 ሰከንድ ሆነ፤ 300 ምስል። ጠቅላላው 2.3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ደብዛዛዎቹ ከዋክብት ከሁለተኛው ሌሊት ሥራ ስለተገኙ ረዥም ቀረጻ ዳግመኛ አላስፈለገም።

መሣሪያው ሌላ ቢሆን ምርጫውም ሌላ ይሆን ነበር። በ2,000 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ላይ ያው ካሜራ በአንድ ፒክስል 0.39 ቅስት ሰከንድ ብቻ ይሸፍናል፤ የ3 ቅስት ሰከንድ ኮከብ በስምንት ፒክስል ገደማ ላይ ይዘረጋል። በዚያ ሁኔታ በ2×2 ወይም በ3×3 መቀነስ ከዝርዝሩ የሚያጎድለው ነገር የለም፤ ደብዛዛ ጋላክሲን ለሚቀርጽ ሰው ምስሉን ያጠራለታል። ያኔም ቢሆን ለቀለም ካሜራ የሚሻለው ሞዛይኩ ተፈትቶ ምስሎቹ ከተደራረቡ በኋላ መቀነስ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች በተተከሉበት፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ዓይነት ባለ ጥቁርና ነጭ ካሜራ ምልከታ ላይ ደግሞ የቀለሙ ጥያቄ ጭራሽ አይነሣም፤ ማጣሪያው ከዳሳሹ ፊት ለብቻው ስለሚቀያየር ጎረቤት ፒክስሎች ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው። በእነዚያ ቴሌስኮፖች ልምድ የተጻፈ ምክር ለቀለም ካሜራ ባለቤት ሲደርስ እንደ ሌላ ሰው የዓይን መነጽር ነው።

እሑድ ጠዋት እናቱ ቡና እያፈሉ ሳለ ተማሪው የተደራረበውን ምስል ከፈተ። ሳይነካካው፣ ሙሌቱን ከፍ ሳያደርግ፣ ነጩን ሚዛን ብቻ አስተካክሎ። በግራ በኩል የሜሲየር 34 ከዋክብት ጥቂት ሰማያዊ ያዘሉ ነጫጭ ነጥቦች ሆነው ተበትነዋል። በቀኝ በኩል አንድ ነጥብ ብቻውን ቆሟል፤ የገለባ ቀለም አለው።

«ቡና ያላችሁት ይኼ ነው?» አሉ እናቱ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው።

«አዎ፣ እማዬ።»

«አቦሉስ የታለ?»

አቦል አይታይም። የተገኘውም በዓይን ታይቶ ሳይሆን ኮከቡ በስበቱ ወዲያና ወዲህ ሲል የብርሃኑ መስመሮች በጥቂቱ ሲዛወሩ በመለካት ነው። ተማሪው ይህን ለማስረዳት ስኒ በስኒ ዙሪያ እያዞረ ሞከረ፤ እናቱ ስኒውን ተቀብለው ቀዱለት። ከሰዓት በኋላ ካሜራውን በሣጥኑ ውስጥ መለሰው። ቁራጭ ወረቀቱንም አልጣለውም፤ ከጀርባው «ለቀለም 1×1፤ ቦታ ከጠበበ ከርክም» ብሎ ጻፈበትና ከላይ አስቀመጠው።